አሜን ያሉኝ ወላጆች

ወገኖቼ፣ የዛሬውን ጉዴን ብነግራችሁ ሰኞ ትምህርት ቤት በር ላይ ቆማችሁ ትስቁብኛላችሁ። ግን ካልተነፈስኩት አላድርም!

አዳማ ውስጥ የስድስተኛ ክፍል ሒሳብ አስተማሪ ነኝ። የክፍሌ ወላጆች የቴሌግራም ግሩፕ አለን። አድሚኑ እኔ ነኝ፤ ግሩፑም ሞቅ ያለ ነው! የሌሎቹ መምህራን ግሩፕ ጭር ብሏል፤ የእኔ ቮይስ ሲገባ ግን ወላጅ ሁሉ ተሽቀዳድሞ «አሜን፣ አሜን» ይላል።

ዳይሬክተራችን ይህን አይቶ ምን ቢል ጥሩ ነው?

«ቅዳሜ የወላጆች ስብሰባህ ላይ መምህራኑን ይዤ እመጣለሁ። ከወላጅ እንዴት እንደምትግባባ ልምድ ይቅሰሙ።»

ልምድ! ከእኔ! ደረቴን ነፍቼ ሰነበትኩ።

ችግሩ፣ ዳይሬክተሩ ጠዋት ሥራ ስላለበት ስብሰባው ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ወደ ከሰዓቱ ስምንት ተዛወረ። እኔም እንደ ልማዴ ቮይስ ላክሁ።

ልማዴን ላስረዳችሁ። ያደግሁት ደራ ነው፤ እኛ ጋ ሰው ደህንነቱ ሳይጠየቅ ወደ ጉዳይ አይገባም። ስለዚህ መጀመሪያ ሰላምታ፣ ቀጥሎ ስለ ሙቀቱ፣ ቀጥሎ ስለ ኑሮ ውድነቱ፣ ከዚያ ለክርስቲያኑም ለሙስሊሙም የሚሆን ረጅም ምርቃት። የሰዓቱን መቀየር መጨረሻ ላይ ጣል አደረግሁት።

አሜኑ ጎረፈ! በቃ ሰምተዋል ብዬ ለጥ ብዬ ተኛሁ።

ዛሬ ጠዋት የት እንደነበርኩ ገምቱ እስቲ።

ፀጉር ቤት! ልምድ ላካፍል አይደል? ስልኬ ሳይለንት ላይ ነው።

ስምንት ሰዓት ላይ ሽቶዬን ነስንሼ ደረስኩ። ዳይሬክተሩ አለ። መምህራኑ ተደርድረው ተቀምጠዋል። ወላጅ ግን የለም!

ዘበኛችን መጡና ሁሉም እየሰማ፣ «ጠዋት መጥተው ፀሐይ ሲመታቸው ቆይተው ሄዱ እኮ። ስደውል አታነሳም!» አሉኝ።

ሳይሄዱ የጠበቁኝ አንዲት እናት ብቻ ናቸው። የተማሪዬ የጫልቱ እናት፣ ከወንጂ የሸንኮራ አገዳ ሥራቸው አስፈቅደው የመጡ። ግቢው ውስጥ ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠዋል፤ ሁላችንም ወደ እሳቸው ሄድን።

«አካም ጂርቱ፣ መምህር። ጫልቱ ሒሳብ ለምን እንደከበዳት ልጠይቅዎ ነበር። ሳልጠይቅ ልመለስ ብል ልቤ እምቢ አለኝ።»

አፈርኩ። እውነቴን ነው፣ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ግን አፌ አያርፍም!

«ሰዓቱ ተቀይሯል ብዬ ነበር እኮ። እርስዎም አሜን ብለዋል!»

እናትየዋ ሳቁብኝ። «አሜን ያልነውማ ለምርቃቱ ነው! ምርቃት ዝም ተብሎ ይታለፋል እንዴ? አሜን ብለን ቮይሱን ዘጋነው።»

መምህራኑ ሳቃቸውን መቆጣጠር አቃታቸው። እኔ ደግሞ ዳይሬክተሩ ፊት ትሁት ለመምሰል፣ «ሌላም አስተያየት ካለዎት ይንገሩኝ» አልኩ። ማን ጠይቅ አለኝ?

«አይቀየሙኝና፣ ክፍል ውስጥም እንደዚሁ ነዎት አሉ። ጫልቱ ‹መምህር ዋናው ነገር ላይ ሲደርሱ ይደወላል› ትላለች።»

ይሄኛው ሆዴ ገባ። ባለፈው ክፍልፋይ ላስተምር ገብቼ፣ ለምሳሌ ብዬ ስለ ዳቦ ቤት ጀመርኩ። ዳቦው ሳይቆረስ ተደወለ። ልጅቷ ምን ታድርግ? የከበዳት ሒሳቡ ሳይሆን እኔ ነኝ!

እዚያው ጥላው ሥር ተስማማን። ከሰኞ ጀምሮ መጀመሪያ ትምህርቱ፣ ጨዋታው ጊዜ ከተረፈ። ለጫልቱም በእረፍት ሰዓት ክፍልፋይን እንደገና ላስረዳት ቃል ገባሁ። እናቷ ደስ ብሏቸው ሄዱ።

ዳይሬክተሩ ሲወጣ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ፣ «በቂ ልምድ ቀስመናል» አለኝ።

ቤት ገብቼ ወዲያው መሻሻሌን ጀመርኩ። ቮይስ የለ፣ ምርቃት የለ። እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «ስብሰባው የፊታችን ቅዳሜ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ነው።»

አራት ነጥብ!

ግሩፑ ጸጥ አለ። ሁሉም አይቶታል፣ አንድም ሰው አይመልስም።

በመጨረሻ አንድ አባት ብቅ አሉ። «መምህር፣ በሰላም ነው? አስቀየምንዎት እንዴ?»

አንዲት እናት ቀጠሉ፦ «ጠዋት ጥለን በመሄዳችን ነው። አጥፍተናል።»

ከዚያ በግሩፑ ላይ እኔ የሌለሁ ይመስል መመካከር ጀመሩ! ወሰኑም። ነገ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሦስት ሽማግሌዎች ሊያስታርቁን ቤቴ ይመጣሉ።

እና ምን ልበላቸው? «ተሻሽዬ ነው እንጂ አልተቀየምኩም» ብል የሚያምነኝ ሽማግሌ አለ?