ሊቀ ኮድ ስለ ሶፋቸው በዳማ እንደ ዘመቱ

በስመ ትዕግሥት። የሚስት አባት የሆኑት አማት ለጉልበታቸው ሕክምና መጥተው በሳሎኑ ሶፋ ላይ በነገሡ በመጀመሪያው ዓመት፣ የሪሞቱም ሥልጣን በእጃቸው በጸና በአራተኛው ወር፣ የቤቱ አባወራ፣ ፕሮግራም ጸሐፊው፣ ባልደረቦቻቸው በሹፈት ሊቀ ኮድ የሚሏቸው፣ ስሕተት የማያውቁ፣ ቢያውቁም የማያምኑ፣ ከገዛ ሶፋቸው ወደ ፕላስቲክ ወንበር ተሰድደው ነበርና ልባቸው ለጦር ተነሣ። አማትም ይህን አይተው ዐወጁ፦ «በዳማ ያሸነፈኝ፣ ሰውም ይሁን ማሽን፣ ሶፋውን ይውሰድ! ጨዋታው እስኪያልቅ ግን ንቅንቅ አልልም!»

ሊቀ ኮድ በዳማ ቆርኪ ከማስበላት በቀር ሙያ አልነበራቸውምና፣ በእርሳቸው ፈንታ የሚዋጋ ማሽን ሊያስተምሩ ተነሡ። የሌላው ሰው ማሽን ከራሱ ጋር እልፍ ጊዜ ተጫውቶ፣ እየተሸነፈ ይማራል፤ እርሳቸው ግን ሽንፈትን ለማሽናቸው እንኳ ተጠየፉ። ስለዚህ መምህር ሾሙለት፤ ይኸውም ሕግ ሲሰጡት ትክክለኛውን እርምጃ እንደ ሒሳብ ቲዎረም የሚያረጋግጥ ፕሮግራም ነው። እርሱ ያረጋገጠውን ማሽኑ ይማራል። ትእዛዛቸውም «የማይሸነፍ አድርገው!» የሚል ነበር፤ «የሚያሸንፍ» ማለትን ግን ከጥበባቸው ብዛት የተነሣ ዘነጉ።

በዘመቻውም ዕለት ወጡ፤ በቀኛቸው ላፕቶፑ፣ በግራቸው ቻርጀሩ፣ ከኋላቸው በፕላስተር የታሰረው ማራዘሚያ ገመድ፣ በመጨረሻም ሚስታቸው እያዛጉ ተከተሉ። አማት የመጀመሪያውን ቆርኪ ገፉ። ማሽኑ ዝም አለ። ሻይ ቀርቦ ተጠጣ፤ ዜናው ተጀምሮ አለቀ፤ ማሽኑ ዝም እንዳለ ነው። ሊቀ ኮድ ላብ በላብ ሆነው የመምህሩን ቃል ቢገልጡ እንዲህ የሚል ዐዋጅ አገኙ፦ «ያልተጫወተ ጨዋታው አያልቅበትም፤ ጨዋታው ያላለቀበት አይሸነፍም፤ ስለዚህ ቆርኪ አትንካ። ተረጋገጠ።» ተራው የደረሰ ሁሉ መጫወት ግዱ እንደ ሆነ ማንም አልነገረውምና።

አማትም ብርድ ልብስ አስመጥተው በሶፋው ላይ ተጋደሙ። ሚስትም ከወጥ ቤቱ በር ቆመው ዐወጁ፦ «አባዬ ጉልበቱ ድኖለት ሰኞ ሊሄድ ነበር፤ ሻንጣውንም አዘጋጅቼለት ነበር። አሁንማ ጨዋታ ይዞ የት ይሄዳል? እሰይ፣ የእጅህን አገኘህ!»

ክብር ለሊቀ ኮድ፣ ዘኢይትመዋእ፣ ማለትም የማይሸነፍ፣ ማሽን ላስተማሩ፣ ሊሄድ የተነሣውን እንግዳ በገዛ ጥበባቸው ላስቀሩ! እንደ እርሳቸው ያለ ጀግና ከእርሳቸው በፊት አልተነሣም፤ ከእርሳቸውም በኋላ አይነሣ፤ አሜን።