የማስተዋል «ቴንጎ»

ልጅ ጎበዝ ስትሆን ትደበቃለች ወይስ ትታያለች? እኔ እስካሁን መልሱን አላገኘሁትም። በእኛ በአዊ አገር ባለፈረሱ ፈረሱን አስጊጦ ሕዝብ መሀል ሲጋልብ እሰይ ይባላል፤ ልጇን የምታሞግስ እናት ግን ዓይን ጠሪ ናት። ስለዚህ ሰው ልጃችንን ሲያደንቅ «እሷማ ምን ታውቃለች» እንላለን። ልባችን ግን ይጋልባል።

እንጅባራ፣ እኛ ግቢ ውስጥ፣ ለጤና ሥራ የመጣች ካርመን የምትባል ስፔናዊት ተከራይታለች። የስድስት ዓመቷ ልጄ ማስተዋል ከእሷ ሥር አትጠፋም። ከካርመን ቋንቋ መጀመሪያ ያመጣችልኝ ቃል «ቴንጎ» ነው፤ «አለኝ» ማለት ነው አለችኝ። እሽ፣ በግ አለኝ፣ ቤት አለኝ፣ ይገባኛል። እነሱ ግን በዚሁ ቃል ረሃብ አለኝ፣ ብርድ አለኝ፣ ስድስት ዓመት አለኝ ይላሉ። መሄድ አለብኝ ለማለትም ያው ቴንጎ ነው፤ እዚህ ላይስ፣ እኛም ከ«አለ» «አለብኝ» እንላለንና ዘመዶቻችን ናቸው። ብርድን ግን ማን ንብረቴ ይለዋል? እንዲያ ከሆነ ክረምት ሲገባ የእንጅባራ ሰው ሁሉ ሀብታም ነው።

ባለፈው የማርያም ማኅበር እኔ ቤት ነበር። ካርመንም ተጠርታ ሴቶቹ መሀል ተቀመጠች፤ ማስተዋል የእሷን ንግግር ለእኛ፣ የእኛን ለእሷ ታቀብል ጀመር። ጎረቤታችን እትዬ ጥሩነሽ የያዙትን ጠላ አስቀመጡና፣

«አንች፣ ይችን ከየት አመጣሻት?» አሉኝ።

ሁሉም ዞሮ አያት። ደነገጥሁ።

«ኧረ ይተዉዋት እትዬ፤ ዝም ብላ ነው የምትቀባጥር። ምንም አታውቅም።»

ልጄ አንገቷን ደፋች። ዓይን ሳይበላት እኔ በላኋት።

ካርመን ጎንበስ ብላ የሆነ ነገር ጠየቀቻት፤ ልጄም በዚያው ቋንቋ ቀስ ብላ መለሰች። ካርመን ወደኔ አይታ ፈገግ አለች።

«ምን አልሻት?» አሉ እትዬ ጥሩነሽ።

«እናቴ ፍርሃት አላት፣ ነው ያልኋት።»

ቤቱ በሳቅ ሞላ። እኔም ሳቅሁ፤ እውነቷን ነው፣ ከበጉም ከቤቱም ይልቅ በብዛት ያለኝ እሱ ነው። ኩራትም አለኝ። እሱን ነጠላዬ ውስጥ ደበቅሁት።

አሁን መምህሯ፣ ትምህርት በሚዘጋበት ዕለት ማስተዋል ወላጆች ፊት ቆማ በስፓኒሽ ትናገር ብላለች። ልጄ ጠዋት ማታ ትለማመዳለች፤ እኔ ግን እሽ አላልሁም። እትዬ ጥሩነሽ «ክታብ አስሪላትና ትውጣ» ይላሉ። ካርመን የዓይን ነገር ቢነገራትም አልገባት አለ።

እናንተ ልጅ ያሳደጋችሁ፣ እስቲ ምከሩኝ፤ እንደ ፈረሱ ላስጊጣት ወይስ ልሸሽጋት? ቶሎ በሉ እንጅ፤ ለዚያ ዕለት የምትለብሰውን ቀሚስ አሰፍቼ ጨርሻለሁ።