ጨረቃን ያማከለ አገልግሎት

ክብርና ምስጋና ሥራን በዘፈቀደ ሳይሆን በሰማይ ሥርዓት ለሚመሩ አለቆች ይሁን! እኔ የከተማችን የግንባታ ፈቃድ ጽሕፈት ቤት የሕዝብ ግንኙነት ባለሙያ ነኝ። ደመወዝ የሚቆረጥልኝ ለማመስገን ነው፤ ስለዚህ ከዚህ በታች የሚነበበው ሁሉ ምስጋና መሆኑ በቅድሚያ ይታወቅልኝ። የከተማዋን ስም አልጠራም። ከደብረ ብርሃን ወደ አንኮበር ስትሄዱ ብርዱ ጆሯችሁን መቆንጠጥ ሲጀምር እሷ ናት።

የጽሕፈት ቤታችን ኃላፊ አቶ ወልደተንሣኤ ባለፈው ኅዳር አዲስ አበባ በአንድ ሆቴል ለአመራሮች የተሰጠ ስልጠና ተካፍለው ተመለሱ። ሌላው አመራር ከስልጠና ቦርሳና እስክሪብቶ ይዞ ይመለሳል። የኛው ጨረቃን ይዘው መጡ። አሠልጣኙ ጸጉሩን ያስረዘመ ሸጋ ወጣት ነው፤ በስልካቸው አሳይተውናል። ጨረቃ ስትወለድ ምኞት ይተከላል፣ ስትሞላ የተተከለው ይታጨዳል፣ ስትጎድል ደግሞ የማይፈለግ ነገር ይጣላል ብሎ አስተምሯቸዋል። የዓለም ታላላቅ ሰዎች ሁሉ በምስጢር የሚሠሩበት ጥበብ ነው አሉን። ይህን የሚያህል ምስጢር ለአንድ አዳራሽ ሙሉ ሰው በማይክራፎን መንገሩ የልጁን ደግነት ያሳያል።

በነጋታው ጠቅላላ ስብሰባ ተጠራ።

«ውድ የሥራ ባልደረቦቼ፣» አሉ አቶ ወልደተንሣኤ፣ «እስከ ዛሬ ባለጉዳይ የተንገላታው ለምንድን ነው?»

ሁላችንም መሬት መሬት አየን። መልሱን እናውቀዋለና።

«ከጨረቃ ጋር ስላልተናበብን ነው!»

እፎይ አልን። እኛ እኮ በኛ ምክንያት መስሎን ነበር። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ።

ኃላፊያችን የውጭውን ጥበብ ብቻ ተቀብለው የሚያድሩ ሰው አይደሉም። ከአገር በቀል እውቀት ጋር አጣመሩት። እንደምታውቁት በአገራችን ኮከብ የሚቆጠረው በስምና በእናት ስም ነው። ስለዚህ ፈቃድ የሚጠይቅ ሁሉ የእናቱን ስም እንዲናገር ተወሰነ። እኔም መመሪያውን አሳምሬ ጻፍኩት፤ እሳቸው ፈረሙበት፤ ማኅተም ተመታበትና ከበሩ አጠገብ ተለጠፈ።

በዚህ ሥርዓት መጀመሪያ የተባረኩት እትዬ አፊፋ ናቸው። እትዬ አፊፋ ከአልዩ አምባ በርበሬ እያመጡ የሚነግዱ፣ ከተማው ሁሉ የሚያውቃቸው ሴት ናቸው። የታኅሣሥ ነፋስ የቤታቸውን ጣሪያ ግማሹን ገንጥሎ ወስዶት፣ በሸራ ሸፍነው ተቀምጠዋል። ያለ ፈቃድ አንድ ምስማር መምታት ክልክል ነው። የልጃቸው የዩምና ኒካህ ደግሞ ለጥር መጨረሻ ተቆርጧል። አማቾቹ የሚመጡት ከታች ከቆላው ነው፤ ውርጭን የሚያውቁት በወሬ ብቻ ነው። እነዚህ ሰዎች ጣሪያ በሌለው ቤት ቢያድሩ ሠርጉ ወደ ምን እንደሚዞር ለማወቅ ኮከብ ቆጣሪ አያስፈልግም።

«ጣሪያዬን ላሳድስ ነው ጌታዬ፤ ሌላ ነገር የለኝም፣» አሉ።

አቶ ወልደተንሣኤ መስኮቱ ጋ ሄደው በጠራራ ፀሐይ ሰማዩን ቃኙ።

«ወይዘሮ አፊፋ፣ ጨረቃዋ እየጎደለች ነው።»

«እና?»

«በጎደሎ ጨረቃ የተከፈተ ጉዳይ አይሞላም። አሁን የማፍረስ ጊዜ ነው። የሚፈርስ ነገር ካለዎት ግን በደስታ እናስተናግድዎታለን።»

«የፈረሰውማ ፈርሷል! ነፋሱ መች እናንተን አስፈቀደ?»

«ጥፋቱ የሱ ነው፣» አሉ ኃላፊው በትሕትና።

እትዬ አፊፋ ጨረቃ እስክትወለድ ጠብቀው ተመለሱ። የመዝገብ ቤቷ ፋና ሳትስቅ ተቀበለቻቸው። ሳይሳቅ እንዲጠየቅ በስብሰባ ተወስኗል።

«የእርስዎ ስም?»

«አፊፋ።»

«የእናትዎ?»

«ሌይላ፤ አላህ ይማራት።»

«የሚታደሰው ቤት እናት ስም?»

ሰልፈኛው በሙሉ አንገቱን አሰገገ።

«የማን እናት?»

«የቤቱ። ኮከቡ እንዲቆጠር ነው እትዬ። ያለ እናት ስም አይቆጠርም። በሞቴ በኔ አይፍረዱ።»

እትዬ አፊፋ ወደ መዝገቡ ጎንበስ አሉ። «እንግዲያው አባቱ እንጨት፣ እናቱ ጭቃ ብለሽ ጻፊልኝ። ሁለቱም በሕይወት አሉ፤ አርጅተዋል እንጂ።»

ጉዳዩ ወደ ኃላፊው ገባ። አቶ ወልደተንሣኤ ጣታቸውን እያጠፉ ቆጠሩ፣ ገደፉና እንደገና ቆጠሩ። ከዚያ ፊታቸው ጠቆረ።

«የቤቱ ኮከብ ሸርጣን ነው። ሸርጣን ማለት ውሃ ነው። ጣሪያ ደግሞ ውሃ ይጠላል። አይስማሙም።»

«ጣሪያ ውሃ ቢወድማ ምን ይሠራልኛል ጌታዬ?»

«ይኸውልዎ! ራስዎ መሰከሩ።»

እትዬ አፊፋ ነጠላቸውን አጣፉ። «እኛም ጨረቃ እናያለን እኮ። አይተን እንጾማለን፣ አይተን እንፈታለን። ቆርቆሮ ልምታ ወይ ብለን ግን ጠይቀናት አናውቅም። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ሲሉ እሰማ ነበር፤ የኔ ደግሞ ቤት ሆነ በሰማይ!»

ንግግራቸው በገንቢ አስተያየትነት ተይዟል።

አቶ ወልደተንሣኤ ደግ ሰው ናቸው፤ ይህን የምለው ከልቤ ነው። የሴትዮዋ ነገር አንጀታቸውን በላቸው። «ሙሉ ጨረቃ ስትወጣ ሸርጣንም ቢሆን ይለሰልሳል፤ አርብ ጠዋት ይምጡ፣» አሏቸው። ለዚያ ቀን ማኅተሙ ኃይል እንዲሞላ፣ ሐሙስ ማታ ውሃ ባለበት ሳህን ተደርጎ ደጅ እንዲያድር ታዘዘ። አሠልጣኙ የጨረቃ ውሃ ይለዋል። አሠልጣኙ ግን በጥር እኛ አገር አድሮ አያውቅም።

አርብ ጠዋት ማኅተማችን በረዶ ውስጥ ተጋድሞ ተገኘ።

«እሳት ላይ ላድርገው?» አለች ፋና።

«እንዳትነኪው! በጨረቃ የገባ በእሳት አይወጣም። በራሱ ጊዜ ይቅለጥ።»

እትዬ አፊፋ ሳህኑ አጠገብ ቁጢጥ ብለው ዋሉ። ማኅተሙ ከነጽሑፉ ወለል ብሎ ይታያል፤ የጽሕፈት ቤታችንን ግልጽነት የዚያን ቀን ያህል አይቼው አላውቅም። ፀሐይዋ ግን ደመና ውስጥ ገብታ ቀረች። መሸ፣ ቢሮው ተዘጋ፣ ቅዳሜና እሁድም መጣ።

«ሠርጉ እኮ ደረሰ፣» አሉ እትዬ አፊፋ ሊወጡ ሲሉ። እሳቸውን ልትወስድ የመጣችው ዩምና ግን በሩ አጠገብ ቆማ መመሪያውን እያነበበች ነበር። ከዚያ ጠራችኝ።

«ጋሼ፣ ይሄን የጻፉት እርስዎ ነዎት?»

«አዎን፣» አልኩ ደረቴን ነፍቼ።

«‹ከዛሬ ጀምሮ በከተማችን የጨረቃ ግንባታ ይበረታታል፤ ነዋሪውም ጨረቃ በሞላች ጊዜ በሙሉ አቅሙ እንዲገነባ ጽሕፈት ቤቱ ያሳስባል› ነው የሚለው?»

«ቃል በቃል።»

«ማኅተሙስ እውነተኛ ነው?»

«ሳይቀዘቅዝ በፊት የተመታ ነው።»

እናትና ልጅ ተያዩ። እትዬ አፊፋ ከዚያ ሁሉ ቀን በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ።

በኛ አገር የጨረቃ ቤት ማለት ምን እንደሆነ ሕፃንም ያውቀዋል። ሕግ ሲተኛ፣ በጠፍ ጨረቃ፣ ያለ ፈቃድ ተሠርቶ የሚያድር ቤት ነው። አለቃዬም ያውቁ ነበር፤ ስልጠናው አስረሳቸው። እኔም አውቃለሁ፤ ግን ማን ጠየቀኝ?

ሰኞ ጠዋት ወደ ሥራ ስመጣ መንገድ ጠፋኝ። ባዶ የነበረው ቦታ ሁሉ አጥር፣ አጥር የነበረው ሁሉ ቤት ሆኗል። የእትዬ አፊፋ ጣሪያ አዲስ ቆርቆሮ ለብሶ ዓይን ይወጋል። ጎረቤቱ ክርስቲያን እስላም ሳይል ደቦ ወጥቶ፣ እግረ መንገዱን ከጀርባ አንዲት ክፍል ጨምሮላቸዋል። ጨረቃዋ ሙሉ ነበረች፤ ለምን ትባክን?

«አየህ!» አሉኝ አቶ ወልደተንሣኤ እንባ እየተናነቃቸው፣ «ሕዝቡ ገባው!»

ወሬ ደግሞ እግር አለው። በዚያው ሳምንት ከዞን ቡድን መጣ። የቡድኑ መሪ ወንበር እንኳ ሳይዙ ጠየቁ።

«እዚህ ከተማ የጨረቃ ቤት በዝቷል የሚል ጥቆማ ደርሶናል። እውነት ነው?»

አለቃዬ ኮታቸውን ቆለፉ። «እውነት ነው! ምስጋናው ግን ለኔ ብቻ አይደለም፤ ለመላው ሠራተኛ ነው።»

«ምን ያህል የጨረቃ ቤት አለ?»

«ይቆጠራል እንዴ! ከወንዙ ማዶ ያለው በጠቅላላ የጨረቃ ቤት ነው። ወዲህ ያለውም በቅርቡ ይሆናል። ይህ ቢሮ ራሱ የጨረቃ ቢሮ ነው።»

«በማን ፈቃድ?»

«በኔ!»

የቡድኑ መሪ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ። «ሰውዬው ጤነኛ ናቸው?»

«ትጉህ ናቸው፣» አልኩ። ሌላ መልስ ቢኖረኝም የሕዝብ ግንኙነት ነኝ።

አቶ ወልደተንሣኤ ከኃላፊነት ተነሡ። ያን ዕለት ሰማዩን አየሁት፤ ጨረቃዋ መጉደል ጀምራለች። የማይፈለግ ነገር የሚጣልበት ጊዜ ነው። ዞኑ ሳያውቀው ሥርዓቱን ጠብቋል።

ቤቶቹስ? የዞኑ የሕግ ሰው መመሪያውን አገላብጦ አነበበ። ፊርማ አለው፣ ማኅተም አለው፣ ሕዝቡም የታዘዘውን ነው የፈጸመው። «አጥኚ ኮሚቴ ይቋቋም፣» ተባለ። በአገራችን ኮሚቴ የተቋቋመለትን ቤት የሚያፈርሰው እርጅና ብቻ ነው።

የዩምና ኒካህም በቀኑ ሆነ። የቆላዎቹ አማቾች ጋቢ ደርበው፣ አዲሱን ጣሪያ ሽቅብ እያዩ ማሻአላህ ሲሉ አመሹ። ከጣሪያው ጠብ ያለ ነገር የለም። እትዬ አፊፋ በደስታ አለቀሱ፤ እኔም አብሬ አለቀስኩ፤ የጨረቃ ግንባታን ስኬት በዓይኔ አየሁ።

ሥልጣን ሲሄድ ብቻውን አይሄድም፤ የመንግሥት ቤቱም አብሮ ሄደ። ከሠርጉ በኋላ አቶ ወልደተንሣኤ ፍራሻቸውን ጋሪ ላይ ጭነው ከእትዬ አፊፋ ደጅ ቆሙ። የፍራሹን አንድ ጫፍ የያዝኩት እኔ ነኝ።

«ወይዘሮ አፊፋ፣» አሉ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ «ከጀርባ የምትከራይ አንዲት ክፍል አለች ሲሉ ሰምቼ ነበር። ብርዱን ያውቁታል።»

እትዬ አፊፋ በጠራራ ፀሐይ ቀና ብለው ሰማዩን ቃኙ።

«ጨረቃዋ እየጎደለች ነው ጌታዬ።»

የአለቃዬ ትከሻ ወረደ። ይህን ያዩት እትዬ አፊፋ ወዲያው እጃቸውን አወናጨፉ። «ኧረ ቀልዴን ነው! በብርድ ሰው ይጣላል እንዴ? ይግቡ፣ ይግቡ። ጣሪያው አያፈስም።»

ፍራሹን ተሸክመን በሩ ላይ ስንደርስ ግን መንገዱን ዘጉብን።

«አንድ ነገር ብቻ ቀረ፣» አሉ ሳይስቁ። «የፍራሹ እናት ስም ማን ነው?»

እኔ በሳቅ ፍራሹን ለቀቅሁት። አቶ ወልደተንሣኤ ግን አልሳቁም። «ጥጥ፣» አሉና ጣታቸውን እያጠፉ መቁጠር ጀመሩ።