ብረት መትቶ ያሸነፈ ቡድን

እኛ ሰዎች ጨዋታ አይተን ዝም ብለን ወደ ቤታችን መግባት አልፈጠረብንም። ዳኛው የመጨረሻውን ፊሽካ ሲነፋ የሚያልቀው የተጫዋቾቹ ሥራ ነው፤ የእኛ ገና መጀመሩ ነው። ማን ማንን መያዝ ነበረበት፣ አሠልጣኙ ያንን አጥቂ ምን ነክቶት አስወጣው፣ ዳኛው በየትኛው ዓይኑ ነው ያየው፣ ይህ ሁሉ ተጣርቶ እስኪያልቅ ቅዳሜ ትመሻለች። እዚህ በሰው አገር፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የምናዘወትራት ካፌ ውስጥ አንድ የእንግሊዝ በረኛ ባንዲት ስህተቱ ስንት ሳምንት ሲወቀስ ሰምቻለሁ። ሰውየው እዚያ አገሩ ሆኖ ውሃ በጠጣ ቁጥር ትን ሳይለው አይቀርም። በፖለቲካ ተጣልቶ ሰላምታ የተነፋፈገው፣ ቤተ ክርስቲያን የቀየረው፣ እድር ለሁለት የከፈለው ሁሉ፣ ቅዳሜ ጠዋት እዚያች ቴሌቪዥን ሥር ትከሻ ለትከሻ ተጣብቆ ይቀመጣል።

እኔ ኢንሹራንስ እሸጣለሁ፤ ወሬ እንጀራዬ ነው። ስለዚህ ከትንተናው ወደኋላ ብል ነው የሚገርማችሁ። ከእኔ የሚብስ መኮንን ብቻ ነው። መኮንን ባለታክሲ ነው፣ ዳኛ ሳይሳደብ ማኪያቶ አይወርድለትም። የሁለታችንንም አፍ የሚያስይዙት ደግሞ ጋሽ ተፈራ ናቸው። ጡረታ የወጡ የሂሳብ አስተማሪ ናቸው፣ ከወንዝ ማዶ ከአሌክሳንድሪያ ድረስ ቤልትዌይ የሚሉትን የቀለበት መንገድ ዞረው ይመጣሉ፣ የሚናገሩት ጥቂት ነው፤ የተናገሩት ግን ይግባኝ የለውም።

ታዲያ አንድ ቀን የጋሽ ተፈራ አንድያ ልጃቸው ሜሮን ኮል አደረገችልኝ። ሜሮን ነርስ ናት።

«ጋሼ፣ ሽማግሌ ይሁኑልኝ» አለችኝ።

«ለማን?»

«ለቤን። ፋሚሊው በጣም ሩቅ ነው፣ እዚህ ማንም የለውም። አባዬ ደግሞ ያለ ሽማግሌ ወሬውንም አልሰማ ብሏል።»

ቤንን ላስተዋውቃችሁ። አውስትራሊያዊ ነው፣ የሜልበርን ልጅ። እሷ በምትሠራበት ሆስፒታል ውስጥ የተሰበረ እግር እያፍታታ ሰው መራመድ ያስተምራል። ፀጉሩ ቀይ ነው፣ ቁመቱ በር ያስጎነብሰዋል። ጋሽ ተፈራ ስለ ቤን ያውቃሉ ወይ ብትሉኝ፣ ከነጫማ ቁጥሩ ያውቁታል። ግን በሽማግሌ እስኪጠየቁ ድረስ እንደማያውቁ ነው የሚቆጠረው። ደንባችን ነዋ!

እሺ አልኩ፤ ሽበቴ ለአንድ ቁም ነገር ይዋል ብዬ። መኮንንንም ጨመርኩት። ሦስተኛ፣ ነገራችን ክብደት እንዲያገኝ፣ አንድ ቄስ ለመንን። ይሁንና «ልጃችን» ብዬ የምቆምለትን ሰው ትንሽ እንኳ ልወቀው ብዬ፣ ቤንን ቅዳሜ ጠዋት ካፌያችን ና አልኩት። ያልኩበትን ቀን እስካሁን እረግማለሁ።

ቤን ከሁላችንም ቀድሞ መጥቶ ጠበቀን። የእንግሊዙ ጨዋታ እስኪጀምር የአገሩን ቡድን እንድታሳየው የካፌዋን ባለቤት ለምኗት ኖሮ፣ ስንገባ ቴሌቪዥኑ ላይ ጉድ ፈልቷል። ኳስ ይሉታል እንጂ እንቁላል ነገር ነው። ሜዳው ክብ ነው። በእጃቸው ይይዛሉ፣ በእግራቸው ይለጋሉ፣ ሲያሻቸው አንዱ በሌላው ትከሻ ላይ ይወጣል። መረብ የለ፣ አግዳሚ የለ፤ አራት ረጃጅም ብረት ተገትሯል። በመካከለኞቹ ሁለት ብረቶች መሃል ንጹህ ካለፈች ስድስት ነጥብ። በጎን ከሄደች ወይም ብረቱን ከነካች፣ ልብ አድርጉልኝ፣ አንድ ነጥብ። ብረቶቹ ሥር የቆመ ዳኛ ደግሞ ግብ ሲሆን ሁለቱን ሌባ ጣቶቹን፣ ሲሳት አንዱን ብቻ ቀስሮ ያሳያል።

«ለሳተ ነጥብ ይሰጣሉ?» አለ መኮንን። ቤን በኩራት ራሱን ነቀነቀ።

ጋሽ ተፈራ የደረሱት ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ነው። ባዶ ወንበር የነበረው ቤን አጠገብ ብቻ ነበር። ቤን ብድግ ብሎ እጅ ነሳና ሜሮን ያስጠናችውን «እንዴት አደሩ» አለ። እሳቸውም ዓይናቸውን ከቴሌቪዥኑ ሳያነሱ «እግዚአብሔር ይመስገን» ብለው ተቀመጡ፤ በሕይወታቸው አይተውት እንደማያውቁ ሁሉ። ነጥቡ እኩል ነው። የቤን ቡድን ሰው ተንደርድሮ መጣ፣ ለጋ፣ ኳሷ ሄደች፣ ሄደች፣ ብረቱን ጧ አደረገችው። እኛ በለመድነው መሠረት ቤቱ ሙሉ «ኤጭ» ብለን ራሳችንን ያዝን። ቤን ግን ጣሪያ ሊነካ ዘለለና አጠገቡ ያገኘውን ሰው አቀፈ። አጠገቡ ያሉት ጋሽ ተፈራ ናቸው። ገና የቀረበላቸው ማኪያቶ በኮታቸው ላይ ወረደ።

ዳኛው አንድ ጣቱን ቀሰረ። የቤን ቡድን በአንድ ነጥብ አሸነፈ።

ከዚያ በኋላ የእንግሊዙ ጨዋታ ተጀምሮ ያየው ሰው ያለ አይመስለኝም። ስቶ ማሸነፍ ማሸነፍ ነው ወይስ አይደለም? መኮንን ተነሥቶ ቆመ። በዚህ ደንብ ቢሆን ኖሮ ባለፈው ሳምንት የተሸነፈው የእሱ ቡድን ሁለቴ ብረት ስለመታ ዋንጫ ይገባው ነበር አለ። ሌላው፣ ተጫዋቹ ሆነ ብሎ ነው ብረቱን የመታው፣ አንድ እንደምትበቃ አስቦ ነው አለ። ሌላው ደግሞ፣ እንደዚያ ማሰብ የሚችል ቢሆን መሃል ይለጋ ነበር ብሎ አፉን አስያዘው። እኔ ምን እንዳልኩ አላስታውስም፤ ብዙ እንዳልኩ ግን አስታውሳለሁ።

ጋሽ ተፈራ ኮታቸውን ጠርገው ጨረሱ። «እኔ ስንት ዓመት ሳስተምር መልስ ለሳተ ተማሪ ማርክ ሰጥቼ አላውቅም» አሉ። ከዚያ ቤንን ሳያዩ ወደ እኔ ዞረው፣ «ይኼ ጨዋታ እዚህ አገር አለ ወይ በለው» አሉኝ።

ጠየቅሁት። ቤን የዋህ ነው። እዚህም በየሳምንቱ መናፈሻ ውስጥ እንጫወታለን፣ ግን እሱ ጨዋታ አይባልም፤ እውነተኛው ያለው እዚያ አገራችን ነው፣ አንድ ቀን ሜሮንን ወስጄ አሳያታለሁ አለ፣ ፊቱ በርቶ። እኔ ሜሮን የሚለውን ዘልዬ ተረጎምኩ። ምን ዋጋ አለው፤ ጋሽ ተፈራ በእንግሊዝኛ ከእኔ ይሻላሉ።

ሌላ ማኪያቶ መጥቶላቸው ሳይነኩት ወጡ። የሰውየው ጭንቀት ነጥብ እንዳልሆነ ያን ጊዜ ገባኝ። አንድ ልጃቸውን፣ እናቷ ካረፈች በኋላ ብቻቸውን ያሳደጓትን፣ እኛ ስንተኛ ወደሚነቁበት አገር ይዞብኝ ይሄዳል ብለው ነው። አንጀቴን በሉት።

ቢሆንም ቃል ሰጥተናልና በቀጠሯችን አሌክሳንድሪያ ሄድን። ሙሽራ ከሽማግሌ ጋር አይገባም፤ ቤንን ከቤታቸው በታች መኪና ውስጥ ትተነው ገባን። ተቀመጡ ሲሉን፣ ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም አልን። ቄሱ መረቁ። እኔ ጉሮሮዬን ጠርጌ ልጅዎን ለልጃችን አልኩ፤ ልጃችን የምለው በእኔ ቁመት ላይ ግማሽ ሰው የሚጨመርበት ቀይ ፈረንጅ መሆኑ ትዝ ሲለኝ ሳቄን ዋጥኩ። ጋሽ ተፈራ «ዘመድ ላማክር፣ ተመለሱ» አሉ። ይህም ደንብ ነው፤ በመጀመሪያው ቀን እሺ የሚል አባት ልጁ የከበደችው ይመስላል። ፊታቸው ግን ደንብ አልነበረም። ጠቁሯል።

መኪናው ጋ ስንደርስ ቤን ወረቀት መስሏል። «ኖ አሉ?» አለ።

መኮንን አንድ ጣቱን ቀሰረለት። ቤን አየው፣ አየው፣ ሳቀ። ደንባችንን እኔ ሳስረዳው የሰነበትኩትን ያህል መኮንን ባንድ ጣት ጨረሰው። እኔ ግን መንገድ ላይ ቁርጡን ነገርኩት፤ ሰውየው የሚፈሩት ሜልበርንን ነው አልኩት። ክው አለ። ለጉብኝት ማለቴ ነበር አለ፤ ሜሮን አባቷን ጥላ የትም እንደማትሄድ ከነገረችው ቆይታለች፣ እሱም ከዚህ የመሄድ ሐሳብ የለውም።

በቀጣዩ ቅዳሜ የጋሽ ተፈራ ወንበር ካፌው ውስጥ ባዶውን ዋለ። እንዲህ ሆኖ አያውቅም። ትንተናው ራሱ ጨው አጣ፤ መኮንን ዳኛውን የሰደበው ለወጉ ያህል ነው። አለቀልን አልኩ።

ለሁለተኛው ቀጠሮ አሌክሳንድሪያ ስንመለስ እንደገና ሳንቀመጥ ቆምን። የቤንን ቃል ላደርስ አፌን ስከፍት ጋሽ ተፈራ በእጃቸው ከለከሉኝ።

«ያለፈው ቅዳሜ መናፈሻው ሄጄ ነበር» አሉ። «ከዛፍ ሥር ቆሜ አየሁት።»

ተያየን።

«ልጃችሁ አይችልም። የለጋውን ሁሉ ሲስት ነው የዋለው። መጨረሻ ላይ ጓደኞቹ ራሳቸው ኳስ መስጠት አቁመው ነበር።»

ቄሱ መስቀላቸውን ጠበቅ አደረጉ።

«ሜዳው ላይ የወደቀውን ሰው ሁሉ ግን፣ የእኛ ነው የእነሱ ነው ሳይል፣ እግሩን እያፍታታ የሚያነሣው እሱ ነበር» አሉ። ድምፃቸው ሰለለ። ወዲያው ደግሞ አስተካከሉት፤ «እናም አሰብኩበት። በዚህ ችሎታው እዚያ አገሩ ማንም አይፈልገውም። እዚሁ ነው የሚቀረው።»

ይህን ብለው፣ የሂሳብ መምህር ፊታቸው አንዲት መስመር ሳትነቃነቅ፣ ሁለቱን ሌባ ጣቶቻቸውን ቀሰሩ። «አሁን ተቀመጡ።»

ተጋቡ፣ ወለዱ፣ እዚሁ አጠገባችን ዊተን ይኖራሉ፤ እሱ ያለቀ ነገር ነው። ያላለቀው የእኛ ትንተና ነው። መኮንን እስከ ዛሬ ያቺ «እሺ» ንጹህ ግብ አይደለችም፣ ብረት ነክታ ነው የገባችው ይላል፤ እኔ መሃል ለመሃል ናት እላለሁ። ጋሽ ተፈራን ጠይቀን እንዳንገላገል፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ካፌ መምጣት ትተዋል። መናፈሻው ውስጥ ዳኛ ጎድሎ ኖሮ፣ ብረቱ ሥር ቆመው ጣት ይቀስራሉ አሉ። ለሳተም ነጥብ ይሰጣሉ።