በየት በኩል ሄዱ?

በየለቅሶ ቤቱ፣ የዕድሩ ድንኳን ከመተከሉ በፊት ቀድሞ የሚተከል አንድ ሰው አለ። ሌላው ለቀስተኛ "እግዜር ያጽናችሁ" ብሎ፣ ጥጉን ይዞ፣ መሬት መሬት እያየ ይቀመጣል። ይኼኛው ግን የሚያየው የሐዘንተኛውን ፊት ነው። ለቅሶው ረገብ ሲል ጠጋ ይልና ማንም የማይደፍረውን ይጠይቃል፦ "ለመሆኑ ምን አግኝቷቸው ነው?"

እናንተም ሰፈር አለ፤ የለም እንዳትሉኝ። ለኛ ሰፈር፣ ከዊንጌት ወደ ቁስቋም በሚያወጣው ዳገት ላይ ላለነው፣ የደረሱን ሊቀ ጠያቂያን ግን ጋሽ ዓምሃ ናቸው።

ጋሽ ዓምሃ ጎሚስታ ነበሩ። ዊንጌት ታክሲ ተራው አጠገብ ዕድሜያቸውን ሙሉ ጎማ ሲለጥፉ ኖረው፣ ወገባቸው እምቢ ሲላቸው ሥራውን ተዉት። ሥራው ግን እሳቸውን አልተዋቸውም። የተነፈሰ ጎማ ሲመጣላቸው የውስጡን ላስቲክ አውጥተው፣ ነፍተው፣ ገንዳው ውሃ ውስጥ ይደፍቁትና አረፋው ከየት ቡልቅ እንደሚል ዓይናቸውን ሳይነቅሉ ያዩ ነበር። "ቀዳዳውን ሳላገኝ ጎማ መልሼ አላውቅም" ይሉ ነበር። ሰውም ለእሳቸው እንደዚያው ነው። ደህና የነበረ ነገር በከንቱ አይተነፍስም፤ የሆነ ቦታ ቀዳዳ አለው።

ችግሩ የኛ ሰው ቀዳዳውን ማሳየት አይወድም። በምን ሞተ ሲባል "ድንገት ነው" ይላል። ዓመት አልጋ ላይ የከረመውም ድንገት ነው። "ትንሽ አሟት ነበር።" "በቃ፣ ቀኑ ደርሶ ነው።" ጋሽ ዓምሃ ይኼን ሁሉ በትዕግሥት ያዳምጡና ራሳቸውን ነቅንቀው፣ "እሱስ ልክ ነው፤ ግን ከመቼ ጀምሮ?" ይላሉ።

ይቺ "ከመቼ ጀምሮ" ስንቱን አናድዳለች! የጎረቤቴ የማቲያስ አባት ያረፉ ጊዜ፣ ቤተሰቡ ፕሮቴስታንት ነውና ድንኳኑ ውስጥ መዝሙር እየተዘመረ ነበር። ጋሽ ዓምሃ ጋቢያቸውን አጣፍተው ገብተው ማቲያስ አጠገብ ተቀመጡ።

"አባትህ ምን አግኝቷቸው ነው?"

"ወደ ጌታ ሄዱ፣ ጋሼ።"

"እሱስ ሄዱ። በየት በኩል ሄዱ?"

"እንዴት በየት በኩል?"

"በልብ በኩል ነው? በኩላሊት በኩል ነው?"

ማቲያስ ሊስቅ ይሁን ሊጮህ ሳይለይለት ተነስቶ መዝሙሩን ተቀላቀለ።

ይህን ሁሉ ጠይቀው የሚደርሱበት መልስ ልክ ቢሆን እንኳ ባልከፋ። ጋሽ ዓምሃ ግን ሁሉን ሰምተው፣ አሰላስለው፣ መጨረሻ ላይ የሚሰጡት ፍርድ አንድ ነው፦ "ጉበት ነው።" ያበጠ እግር ጉበት ነው። የራስ ምታት ጉበት ነው። ከእንጦጦ ጫካ እንጨት ስትሸከም የኖረች ጎረቤታችን ወገቧን ይዟት ስትተኛ፣ "ጉበት ወገብ ላይ ሲያርፍ እንዲህ ያደርጋል" አሉ። መኪና የገጨው ሰው ለቅሶ ላይ ሳይቀር "ጉበቱ ደህና ቢሆን ዘሎ ያመልጥ ነበር" ሲሉ የዕድሩ ዳኛ በክርናቸው ጎሸም አድርገዋቸዋል።

ባለፈው ግንቦት ሲና የምትባል ወጣት ታብሌት ይዛ ወደ ሰፈራችን መጣች። በቅርቡ ሰው የሞተበትን ቤት እያንኳኳች ሟቹን ምን ያመው እንደነበር ትጠይቃለች። ሳል ነበረው? ትኩሳትስ? እኔ ቤት ስትደርስ ጋሽ ዓምሃ ከኔ ጋር ደጃፉ ላይ ፀሐይ እየሞቁ ነበር። "ከመቼ ጀምሮ?" የምትል ጥያቄ ከአፏ ሲሰሙ የጠፋ ዘመድ ያገኙ መሰሉ።

"እኔን ሰው በነፃ ይሰድበኛል፤ ለአንቺ ደሞዝ ይከፍሉሻል?" አሏት።

"ጥናት ነው፣ ጋሼ።"

"ለምን ይሆናል?"

ሲና ልታስረዳ ሞከረች። ሰው በስንት ዕድሜው ሞተ? ሳይሞትስ ስንት ዓመት ታሞ ኖረ? ይኼ ተደምሮ የትኛው በሽታ በሀገሩ ላይ ይበልጥ እንደከበደ ይታወቃል። በልጅነቱ የሞተ ብዙ ዓመት እንደቀረበት ይያዛል። ታሞ የኖረ ደግሞ የኖረው ዓመት ሙሉ ሆኖ አይቆጠርለትም፤ እንደ ሕመሙ ክብደት ይቀነስበታል። "የበሽታ ሸክም ነው የምንለው" አለች።

ጋሽ ዓምሃ ተመሰጡ። "የኔስ ስንት ይመዝናል? ሰሞኑን እህል ስውጥ ይወጋኛል። ጉበት ነው መሰለኝ።"

"ለሐኪም ይታዩ እንጂ፣ ጋሼ። ይኼ እኮ የሟቾች መጠይቅ ነው።"

"ግድ የለም፣ እጠብቃለሁ።"

ሦስታችንም ሳቅን።

ሲና የመጣችው ስለ እህቴ ስለ የዓለምወርቅ ልትጠይቀኝ ነበር። አፌ ተያያዘ። እኔ እንዲህ ነኝ፤ በጽሑፍ ካልሆነ ሁለት ነገር አከታትዬ መናገር ያቅተኛል፤ ጽሑፉም ቢሆን ከተሳካልኝ ነው። "ፊቷ ማበጥ የጀመረው መቼ ነው?" ስትለኝ ሰማይ ሰማይ ሳይ፣ ጋሽ ዓምሃ መለሱላት።

"ከአምና ጥምቀት በኋላ። መጀመሪያ ዓይኗ ሥር ነው፤ ጠዋት ጠዋት። ጫማዋ እምቢ ያላት ለፋሲካ ነው። ከዚያ ትንፋሽ እያጠራት መጣ፤ ተደግፋ ነበር የምትተኛው።"

አንድም አልሳቱም። ሲና ቀና ብላ አየቻቸው። "ዘመድ ነዎት?"

"ጎሚስታ ነኝ" አሏት።

እንዴት አወቁ? እኔው ነግሬያቸው ነው። የእህቴ ለቅሶ ላይ ድንኳኑ ሙሉ ሰው ነበር። ሰው ክፉ ሆኖ አይደለም፤ "በርታ" ይለኛል፣ ካርታ ይጫወታል፣ ስለ ኮንዶሚኒየም ያወራል። የዓለምወርቅን ግን ማንም አያነሳትም፤ እንዳይከፋኝ ብሎ። ኩላሊቷ እየደከመ ሲሄድ ያስታመምኳት እኔ ነኝ። ያ ሁሉ ወራት ደረቴ ላይ እንደተቀመጠ ነበር፤ የት እንደማራግፈው አላውቅም። ጋሽ ዓምሃ ሲገቡ ሰዎቹ በዓይን ተጠቃቀሱ፤ አንዱማ ቦታ ሊያስቀይራቸው ተነስቶ ነበር። እሳቸው ግን ቀድመው አጠገቤ ተቀመጡ።

"ከመቼ ጀምሮ?" አሉኝ።

ነገርኳቸው። ጨው የሌለው ወጥ ስሰጣት የምትሰድበኝን ስድብ ሳይቀር ነገርኳቸው። አንዴም አላቋረጡኝም። ስጨርስ በጋቢያቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠርገው፣ "ጉበት ነው" አሉ።

ከክረምቱ ወዲህ ጋሽ ዓምሃ ለቅሶ ቤት መምጣት አቆሙ። መጀመሪያ ሰፈሩ ተገላገልኩ አለ። ቆየት ብሎ ማቲያስ እንኳ ሳይቀር "ድንኳኑ ጭር አለ እኮ" ማለት ጀመረ። ኋላ ታመው መተኛታቸውን ሰማን። ሰው ብርቱካን ይዞ ይሄዳል፣ "እግዜር ይማርዎ፣ ትንሽ ነው፣ ይተውዎታል" ይላል፣ ሻዩን ጠጥቶ ይወጣል።

አንድ ከሰዓት በኋላ እኔም ሄድኩ። ባለቤታቸው እትዬ ሠርካዲስ ገና በር ላይ ክንዴን ይዘው ወደ ግድግዳው አስጠጉኝ።

"ካንሰር ነው" አሉኝ በሹክሹክታ። "ከጉሮሮው ዝቅ ብሎ፣ እህል የሚወርድበት ላይ። ሐኪሙ የነገረው ለኔና ለልጆቹ ነው። ጊዜው አልፏል፣ ምንም አይደረግለትም አለን። እሱ አያውቅም፤ ጨጓራ ነው ብለነዋል። እንዳትነግረው፣ በማርያም!"

"እሺ" አልኩ። እኔ እሺ ማለት አያቅተኝም።

ያን የሚያህል ሰው አልጋው ላይ የለም፤ ጋቢው ብቻ ትራስ የተደገፈ ይመስላል። "እግዜር ይማርዎ" ልል አፌን ስከፍት ቀደሙኝ።

"አንተም ትንሽ ነው ልትለኝ ነው የመጣኸው? ሰው ሁሉ ትንሽ ነው ይለኛል። ሠርካዲስ ጨጓራ ነው ትላለች፤ ስትለኝ ግን ፊቴን አታይም። ሐኪሙ እኔን ወንበር ላይ ትቶ ልጆቼን ኮሪደር ጠራቸው። የሰዉን ሁሉ ስጠይቅ ኖሬ የራሴን ልጣ?" ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። "አንተ ሰምተሃል?"

ለእትዬ ሠርካዲስ ቃል ሰጥቻለሁ። እኝህን ሰው ደግሞ መዋሸት አልቻልኩም። ብነሳና ብወጣ ደስታዬ ነበር፤ ልነሳም ወንበሩን ይዤ ነበር። መውጣቴን ትቼ፣ እሳቸው ድንኳን ውስጥ እንደሚያደርጉት፣ ወደ አልጋው አስጠጋሁት።

"ከመቼ ጀምሮ?" አልኳቸው።

ፊቴን አዩ። ከዚያ ትራሳቸው ላይ ቀና አሉ።

"ያቺ ልጅ ከመጣችበት ሰሞን።"

"መጀመሪያ እምቢ ያለዎት ምንድነው?"

"ዳቦ። ቀጥሎ ድንች። አሁንማ አጥሚቱም በጭንቅ ነው።"

"ሲውጡት የት ላይ ይቆማል?"

ጣታቸውን ጉሮሯቸው ላይ አድርገው ቀስ እያሉ ወደ ታች ወሰዱት፤ ላስቲኩን ውሃ ውስጥ ሲያገላብጡ እንደነበረው፣ ሳይቸኩሉ። ደረታቸው መሐል ሲደርስ ጣቱ ቆመ።

"እዚህ።"

"ከስተዋል?"

"እያየኸኝ!"

"አዎ። አያለሁ፣ ጋሼ።"

ጣታቸውን ከዚያ ቦታ ብዙ ጊዜ አላነሱም።

"ይለጠፋል?" አሉኝ።

"አይመስለኝም፣ ጋሼ።"

ራሳቸውን ነቀነቁ። "ጉበት አይደለማ።"

"አይደለም።"

"የእህትህም ጉበት አልነበረ ይሆናል።"

"ኩላሊት ነበር። ግድ የለም፤ እርስዎ ጠይቀውኛል።"

በሩ ተከፈተና እትዬ ሠርካዲስ አጥሚት በኩባያ ይዘው ገቡ። አንዴ እኔን፣ አንዴ ባላቸውን አዩ።

"ምን እያወራችሁ ነው?"

"ስለ ጎማ ነው" አሉ ጋሽ ዓምሃ።

"ደግ አደረጋችሁ። ጨዋታ ይሻለዋል።"

ጋሽ ዓምሃ ኩባያውን በሁለት እጃቸው ተቀበሉ። "አምጪው፤ ይቺን ጨጓራዬን ያለሰልስልኛል" አሏቸው፣ የሚስታቸውን ፊት እያዩ። ከዚያ አንድ ጉንጭ ወሰዱ። የት ላይ እንደሚቆም እሳቸውም እኔም እያወቅን፣ እስኪወርድ ጠበቅነው።