ጓዲት ጡት ስታስጥል

ጡት ማስጣል ቀላል ነው የሚል ሰው ካጋጠማችሁ፣ ወንድ ነው። እኔ ልጄን አቡሽን ጡት ያስጣልኩት ከድመት ተምሬ ነው። ሳቁ፣ ለምጄዋለሁ።

ነገሩ በደርግ ጊዜ ነው። አርባ ምንጭ አስተማሪ ነበርኩ። ለክረምቱ ሥልጠና አዋሳ እንድሄድ ተመረጥኩ። ይቺን ዕድል ስንት ዓመት ስመኛት ኖሬያለሁ። ልጅ ይዞ መምጣት ግን ክልክል ነው፣ አቡሽ ደግሞ ሰኔ ገብቶም ጡት አልተወም። ሮጦ ይመጣል፣ ቁጭ በይ ብሎ ያዘኛል። አንድ ቀን የቀበሌ ስብሰባ ላይ ግራ እጄን አንስቼ መፈክር ሳሰማ፣ በብብቴ ሥር ሾልኮ ጡቴን ያዘ። እጄን ላውርድ? ማን ደፍሮ! አብዮቱ መፈክሩን፣ ልጄ ወተቱን እኩል ጠገቡ።

ጎረቤቴ ማርታ፣ የሸማኔው ሚስት፣ እሬት ቀቢ አለችኝ። ቀባሁ። አቡሽ ቀመሰ፣ ፊቱን አጨማደደ፣ ሄደ። እፎይ ከማለቴ እርጥብ ጨርቅ ይዞ ተመለሰና ጡቴን ጠርጎ ሥራውን ቀጠለ። ባሌ በሳቅ ሞተ። እኔ አለቀስኩ።

ያን ሰሞን ድመታችን ልጆች ታሳድግ ነበር። ጓዲት ብሎ ስም ያወጣላት ባሌ ነው፤ እንደዚያ ብለን የምንጠራት ግን በራችንን ዘግተን ነው። መጀመሪያ ላይ በጎኗ ተጋድማ እያንኮራፋች ታጠባቸዋለች፣ ትልሳቸዋለች። ጥርስ ሲያወጡ ጠባይዋ ተለወጠ። ሊጠቡ ሲመጡ በሆዷ ትተኛለች። ሲታገሏት በጥፊ ትላቸዋለች። ሲብስባት ቁም ሳጥን ላይ ትወጣለች። በመጨረሻ ከዓሣ ነጋዴዎቹ ደጃፍ የቆሮሶ ዓሣ ጭንቅላት አምጥታ ፊታቸው ጣለችላቸው። እያጉረመረሙ ተሻሙበት። ጡት የሚባል ነገር ተረሳ።

ታዲያ እኔ ከድመት አንሳለሁ? በማግስቱ አቡሽ ሲመጣ አልጋው ላይ በደረቴ ተኛሁ። ሊገለብጠኝ ታገለ። ጥፊውን ዘለልኩት፣ አንጀቴ አልቻለም። ጠረጴዛ ላይ ወጣሁ። ማርታ ወንፊት ልትዋስ ስትገባ እዚያ ላይ ቁጢጥ ብዬ አገኘችኝ።

«እባብ ገባ እንዴ?» ብላ እሷም አጠገቤ ወጣች።

ጡት እያስጣልኩ ነው አልኳት። ከዚያ ወረደችና ተንበርክካ ትጸልይልኝ ጀመር።

ጸሎቱ ይሁን ዓሣው አላውቅም። አጥንቱን ለቅሜ፣ ሚጥሚጣ ሳልነካው የዓሣ ዱለት ሠራሁለት። እያጉረመረመ በላ። ጨምሪ አለኝ። ቆይቶ ማርታም ቤት እየሄደ ዓሣ ስጡኝ ማለት ጀመረ። ሐምሌ ሲገባ ጡቴን ዞር ብሎም አላየው። ደስታዬን አትጠይቁኝ። አውቶቡሱ ላይ ደረቴን ነፍቼ ወጣሁ፤ ግማሹ ኩራት ነው፣ ግማሹ ወተት።

ሥልጠናውን ጨርሼ፣ የምስክር ወረቀቴን ይዤ ስመለስ ቀጥታ ወደ መምህሬ ሄድኩ። ጓዲት እንደገና ወልዳለች። ከጨቅላዎቹ መሃል ከሰኔዎቹ ልጆቿ አንዱ፣ እሷን የሚያህል ወጠምሻ፣ ተጋድሞ ይጠባል። እሷ ዓይኗን ጨፍና ታንኮራፋለች። ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ። እኔ በደረቴ ተኝቼ፣ ጠረጴዛ ላይ ወጥቼ የተማርኩትን ትምህርት አስተማሪዋ ረስታዋለች። ደስ አለኝ ብል ትታዘቡኛላችሁ፣ ግን ደስ አለኝ። በለጥኳት።

«እሬት ቀቢ» አልኳት።

አቡሽ እሬት የሚለውን ሲሰማ ሮጦ ወጣ። እርጥብ ጨርቅ ይዞ ተመለሰና ለወጠምሻው አቀበለው።