ሰሚ ለማግኘት የተሰለፉ ዘፋኞች

ትርንጎ ያን ሕልም ያየችው በቀን ነው፤ ቅዳሜ ስምንት ሰዓት ላይ፣ በአርባ ዋርካ ከተማ አዳራሽ መድረክ ላይ፣ የፕላስቲክ ወንበር ላይ ቁጭ እንዳለች።

በከተማው ትምህርት ቤት ሙዚቃ ታስተምራለች። በየዓመቱ ጥቅምት ሲገባ የምታሰናዳው የሙዚቃና የሥነ ጥበብ ፌስቲቫል ዘንድሮ ሰባተኛ ዓመቱን ያዘ። ስፖንሰር የለው፣ ደጋፊ መሥሪያ ቤት የለው፤ እሷና ሠዓሊው ሻረው ወንበሩን ከዕድር ተውሰው፣ ድምፅ ማጉያውን ከሠርግ ቤት ለምነው የሚያቆሙት ነገር ነው። የአዳራሹ ኃላፊ ግን ቁርጡን ነግሯታል። እንደ አምናና እንደ ካቻምናው አዳራሹ ባዶውን ከዋለ፣ ከእንግዲህ የእህል መጋዘን ይሆናል። ዝግጅቱ የሚጀመረው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። ክራር ደርዳሪዎቹና የትምህርት ቤቱ ዘማሪዎች ጓሮ ሆነው ይጠባበቃሉ፤ ሰው ግን አንድም አልመጣም። ሦስት ቀን በቅጡ ያልተኛችው ትርንጎ ባዶ ወንበሮቹን ስታይ ቆይታ ዓይኗን ጨፈነች።

በሕልሟ ወደ ቤቷ እየሄደች ነበር። ከበሯ ጀምሮ እስከ ወፍጮ ቤቱ ድረስ ሰው ተሰልፏል። ጠጋ ብላ ስታይ ሁሉም ሙዚቀኞች ናቸው። ክራር ያነገተ አለ፣ ከበሮ የተሸከመ አለ፤ ሁሉም መዳፋቸው ላይ የወረፋ ቁጥር ጽፈዋል። ከፊት የቆመው ደግሞ ሦስት ወር ሙሉ ደውላለት ስልክ አላነሳ ያላት የአዲስ አበባ ዘፋኝ ነው። ነጠላ ጫማ አድርጓል፤ ፊቱ አቧራ ጠጥቷል። ሲያያት ኮፍያውን አወለቀ።

«እትዬ፣ ዛሬ ይሰማሉ?» አላት።

«ምኑን?»

«እኔን ነዋ። ከመጣሁ ሦስት ቀኔ። ቅድሚያ ይስጡኝ አይደለም የምለው፣ ወረፋዬ ደርሶ ነው።»

ልትቆጣው ፈልጋ ነበር፤ ነገሩ ቢገርማት ጊዜ ቁጣውን ረሳችው። ምን እንደተፈጠረ ጠየቀችው። በአገሩ ዘፋኙ በዝቶ ሰሚው ሦስት ሰው ብቻ እንደቀረ ነገራት። አንደኛው ጉንፋን ይዞት ተኝቷል፤ ሁለተኛዋ ለለቅሶ ገጠር ወርዳለች። የቀረችው እሷ ናት። ይህን ሲላት ከኋላ የተሰለፉት ሁሉ አንገታቸውን አስግገው ጆሮዋን ያዩ ጀመር።

ወደ አዳራሹ ይዘዋት ሄዱ። በሩ ላይ መነጽር ያደረገች አህያ ከጠረጴዛ ኋላ ተቀምጣለች። የሰሚዎችን ጆሮ የምትመረምረው እሷ ናት፤ ሹመቱንም ያገኘችው በጆሮዋ እንደሆነ ዘፋኙ በሹክሹክታ ነገራት። አህያዋ በባትሪ የትርንጎን ጆሮ ግራና ቀኝ አየችና ረጅም ነገር ጻፈች።

«ስንት ዘፈን ሰምተሻል?» ስትል ጠየቀቻት።

ትርንጎ ሰባት ዓመት ፌስቲቫል ማዘጋጀቷን፣ ከየወረዳው ዘፋኝ ማስመጣቷን፣ ስንቱን አሠልጥና መድረክ ላይ ማውጣቷን ዘረዘረች።

«ያዘጋጀሽውን አልጠየቅሁሽም» አለች አህያዋ። «ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ቁጭ ብለሽ የሰማሽው ስንት ነው?»

ትርንጎ አሰበች። ሰው ሲዘፍን እሷ ሽቦ ስትቀጥል፣ ወንበር ስታመላልስ፣ ቀጣዩን ዘፋኝ ከሻይ ቤት ስትጠራ ነው የኖረችው። ትዝ የሚላት የዘፈን ጫፍ ጫፉ ብቻ ነው። እውነቱን ለመናገር አፈረች፤ ግን ተናገረች።

«አንድም የለ።»

አህያዋ አልተቆጣችም። «ጥሩ፤ ያልተነካ ጆሮ ነው» ብላ ወረቀቷ ላይ ማኅተም መታችላት።

ከውስጥ ኮሪደሩ ላይ ሰዎች በፍሬም ተደርገው ግድግዳው ላይ ተሰቅለዋል። ሥዕሎቹ ጫማ ተጫምተው፣ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ሰዎቹን እየዞሩ ያያሉ። ሻረው በሥጋ ሻጩና በከንቲባው መካከል ተሰቅሎ አገኘችው። ልታወርደው እጇን ብትዘረጋ፣ እያዩት ስለሆነ ዝም እንድትል በዓይኑ ለመናት። ከፊቱ ራሱ የሳላት ቀይ ላም ቆማ ነበር። አንገቷን ዘንበል አድርጋ አየችው፤ ከዚያ አጠገቧ ወዳለው ሰማያዊ ተራራ ዞረች።

«ሥራው መጥፎ አይደለም» አለች። «ግን ምን ለማለት ተፈልጎ ነው?»

ትርንጎ የተራራውን መልስ ለመስማት ጓጉታ ነበር፤ ዘፋኙ ግን እጇን ይዞ ወደ መድረኩ አወጣት። መድረኩ ላይ አንድ ወንበር ብቻ አለ። ታች ሦስት መቶ ዘፋኞች ጢም ብለው ተቀምጠዋል፤ ሁሉም የሚያዩት እሷን ነው። ተቀመጠች። ዘፈኑ በጭብጨባ ጀመረ፤ ቀጥሎ ዘፋኙ እጅ ነሣ፤ ከዚያ የመጨረሻውን ስንኝ ዘፈነ፤ እንዲያ እንዲያ እያለ ወደ መጀመሪያው ይመለስ ጀመር። ትርንጎ ለመነሣት አልሞከረችም። ሽቦም ወንበርም ትዝ አላላትም። ዜማው እየተራቆተ ሲሄድ ከድምፁ ሥር ሌላ ነገር ሰማች፤ ሰውዬው ፈርቷል። ያ ስልክ ያላነሣው ሰው እንደ ጀማሪ ጉሮሮው ይንቀጠቀጣል። በመጨረሻ ክራሩ ቅኝቱን ፈትሾ ዝም አለ። አህያዋ ከበሩ ተነሥታ መጣች፤ ሦስት መቶው ዘፋኝ እርሳሱን አዘጋጀ።

«ምን ሰማሽ?» አለቻት።

ትርንጎ ልትመልስ አፏን ከፈተች፤ ሻረው ትከሻዋን ይዞ ነቀነቃት።

ነቃች። ዘጠኝ ሰዓት ካለፈ ሩብ ሆኗል። አዳራሹ ሞልቷል። አንድም ባዶ ወንበር የለም፤ ግድግዳውን ተደግፎ የቆመ አለ፣ መስኮት ላይ የተቀመጠ አለ። ይህ ሁሉ ሰው ድምፁን አጥፍቶ እሷን ያያል። ትርንጎ እንባዋ መጣ። ሰባት ዓመት እንዲህ ያለ ቀን አይታ አታውቅም። እንባዋን ጠርጋ እንደገና ስታይ ግን እያንዳንዱ ሰው ጭኑ ላይ ቢጫ ጄሪካን አስቀምጧል።

ሻረው ጎንበስ ብሎ በጆሮዋ ነገራት። ከረፋዱ ጀምሮ ገበያው ውስጥ፣ አዳራሽ ዘይት ይታደላል የሚል ወሬ ሲናፈስ ውሏል። ማን እንዳስወራው አይታወቅም። እሱም እውነቱን ለመናገር ድፍረቱን አጥቶ ነው እስካሁን የቆየው።

ከፊት ረድፍ የተቀመጡት እትዬ ዘመናይ፣ የዕድሩ ገንዘብ ያዥ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«እንቅልፍሽን እንዳንረብሽሽ ብለን ነው፣ ልጄ» አሏት። «ዘይቱ በስንት ሰዓት ይገባል?»

ትርንጎ ተነሣች።

«ዘይት የለም፣ እትዬ ዘመናይ። ዋሽተዋችሁ ነው። ያለው ዘፈን ነው።»

ከኋላ አንድ ጄሪካን ወድቆ ተንከባለለ። እትዬ ዘመናይ በሩን አዩ፤ ከዚያ ከጎናቸው ካለችው ሴት ጋር ትንሽ ተንሾካሾኩ። ጄሪካናቸውን አንሥተው ወንበራቸው ሥር አስገቡት፤ ነጠላቸውንም አስተካክለው ተደላደሉ።

«ረጅም ነው?» ብለው ጠየቁ።